የኤዶ ኸድራ የብር ድሪ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከድሬዳዋ ስነሣ ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ካሜራ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅና ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ልብስ ነበር። ትዕቢቴን ለብቻው ነው የያዝኩት፤ እሱ ሻንጣ አይበቃውም።

ከዚራ ሠፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፣ የቀን መቁጠሪያ አወጣለሁ፣ የሙሽሮችን ፎቶ በኮምፒውተር አሳምራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አንድ አባዜ ይዞኛል። በእጅ የተሠሩ የብር ጌጦችን ፎቶ አነሣና ኮምፒውተር ላይ እቆርጣቸዋለሁ፣ አበዛቸዋለሁ፣ አዞራቸዋለሁ። የአክስቴ ጉትቻ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ በክብ ሲደረደር የቤተ መንግሥት ምንጣፍ ይመስላል። የአምባር ጫፍ ሲጎላ ተራራ ይሆናል። ሰው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ቀርቦ ሲያይና ጉትቻ መሆኑን ሲደርስበት ፊቱን ማየት ደስ ይለኛል።

የጉዞው ምክንያት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሂሩት ናት። ባሏ ሀርጌሳ በአየር መንገድ ቢሮ ስለሚሠራ እዚያ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሥዕሎቼን አዲስ ሆቴል ለሚያሠራ አንድ ሰው አሳየችው። ሰውዬው ከስደት የተመለሰ ነው፤ "ግመልና የምትጠልቅ ፀሐይ ሰልችቶኛል። ይቺ ልጅ መጥታ የሀርጌሳን ሴቶች ጌጥ ታንሣልኝ። ለግድግዳዬ አሥራ ሁለት ሥዕል እፈልጋለሁ" አለ። እኔም ሱቄን ለእህቴ ትቼ ተነሣሁ።

እስከ ገመዱ

ሐረርን ቁርስ ሳንበላ አለፍናት። ባቢሌ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ኦቾሎኒ ገዛሁ፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሁለት ብር። ከባቢሌ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበት ሸለቆ አለ። ስንት ጊዜ እንዳለፍኩበት አላውቅም፣ ያን ቀንም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነው ያየሁት። የላይኛው ድንጋይ ቤት ያህላል፣ የቆመበት ደግሞ በርሜል አይሞላም። ማን ደግፎ እንደያዘው አላህ ይወቅ። ካራማራን ተሻግረን ጅግጅጋ ስንገባ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከጅግጅጋ እስከ ውጫሌ ሜዳ ብቻ ነው። ድንበሩ ደግሞ ገመድ ነው፤ ጠባቂው ሲያላላው መኪና ያልፋል፣ ሲወጥረው ይቆማል። ፓስፖርቴን ያየው ሰው ካሜራዬን አገላብጦ፣ "ጋዜጠኛ ነሽ?" አለኝ።

"አይደለሁም። ጌጥ ነው የማነሣው።"

"ጌጥ ብቻ? ሰው አታነሺም?"

"ጌጥ ብቻ።"

"ያለ ሰው ጌጥ ምን ያደርግልሻል?" አለና ማኅተሙን መታልኝ። የማይገባው ሰው ነው ብዬ ስቄ አለፍኩ።

ከውጫሌ ሀርጌሳ የሚወስደው የጋራ ታክሲ ሰባት ዶላር ነበር። መኪናው አሮጌ ቶዮታ ነው። እዚያ አገር የመኪናው መሪ በቀኝ ነው፤ መንገዱም የሚነዳው በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና መቅደም ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን አያይም። የሚያየው ግራ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ያ ተሳፋሪ እኔ ሆንኩ።

"አባዮ፣ ልለፍ?" ይለኛል በሶማሌኛ። አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው። ድሬ ተወልዶ ሶማሌኛ የማይችል የለም፤ የእኔ ግን መንገድ ዳር የተለቀመ ነው።

"ቆይ! ቆይ አልኩህ! ... አሁን እለፍ!"

ገቢሌ ስንደርስ ድምፄ ዘግቶ ነበር። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ፣ ከጎኑ አንድ ሙሉ ሙዝ ተቀምጦለታል። ሙዙን ለኋላ ላስቀምጠው ስል አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ፣ "ከሩዙ ጋር ነው የሚበላው፣ ቁረጪና ብይ" አለችኝ። ቆርጬ በላሁ። ለካስ እስከዛሬ ሩዝ አልበላሁም!

ሀርጌሳ

ከተማዋ ስትገነባ ደረስኩባት። በየሄድኩበት ወይ ድንጋይ ይጠረባል ወይ ሲሚንቶ ይቦካል። ጥይት የቀዳደደው ግድግዳ አጠገብ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ አራት ፎቅ ቆሟል። ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ሰዎች ሸራ ወጥረው ሻይ ይሸጣሉ፤ ከጀርባቸው ሌላ ሰው ጣሪያውን እየመታ ነው። ከጦርነቱ በኋላ እዚህ ከተማ ላይ የቆመ ነገር ጥቂት እንደነበር ሂሩት ነግራኛለች። ቁጭ ብዬ አየሁት። ይሄን ሁሉ ድንጋይ አንድ በአንድ ያነሣው ሰው ነው።

ሂሩት ቤቷ በአየር ማረፊያው መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ አቅፋ ካሽከረከረችኝ በኋላ፣ "ነጂ፣ ነገ የምወስድሽ ቤት አለ። እንደዚያ ዓይነት ጌጥ አይተሽ አታውቂም" አለች። ስሜ ነጃት ነው፤ ነጂ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

እሑድ፣ መሐመድ ሞጌ

የወሰደችኝ መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሠፈር፣ ኤዶ ኸድራ ቤት ነው። ኤዶ እንደ አክስት ነው፤ ታላቅ ሴትን በስሟ ብቻ መጥራት አያምርም። ኤዶ ኸድራ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ጦርነቱ ጊዜ በእግሯ ወደ እኛ አገር ተሰድዳ መጀመሪያ ካምፕ፣ በኋላ ጅግጅጋ ብዙ ዓመት ኖራለች። አማርኛዋ ከእኔ ሶማሌኛ በብዙ እጅ ይሻላል። ሴት ልጇ ሁዳ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ልታገባ ስለሆነ ቤቱ በጥድፊያ ተተራምሷል።

ኤዶ ኸድራ ከሣጥን ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጭኗ ላይ ፈታችው። እንዲህ ያለ ድሪ አይቼ አላውቅም። መሐሉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል የክታብ መያዣ አለች፤ ከሷ ወደ ግራ ዘጠኝ ክብ የብር ዶቃዎች ተሰክተዋል። በቀኝ በኩል ባዶ ክር ነው።

"የእናቴ ነው" አለች ኤዶ ኸድራ። "ስንሸሽ በመንገድ ላይ አንድ አንድ ዶቃ እየፈታች በውኃ ለወጠችው፣ ለጭነት መኪና ሰጠችው። የቀኙ እንዲያ አለቀ። ግራውን ግን እንቢ አለች። ለምን መሰለሽ..."

እዚህ ላይ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ኤዶ ኸድራ የባሏን ቤተሰቦች ለሠርጉ ልታመጣ በርበራ ልትሄድ ነው፤ የምትመለሰው ረቡዕ ጠዋት ነው። "ስመጣ እነግርሻለሁ። አንሺው፣ እንደፈለግሽ አንሺው" ብላ ወጣች።

ጥቁሩን ጨርቄን መስኮት ሥር አነጠፍኩና እስከ ቀትር አነሣሁ። ካሜራውን ባስጠጋሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይታየኛል። እያንዳንዱ ዶቃ ከሁለት ግማሽ ክቦች የተበየደ ነው፣ መጋጠሚያው ግን በዓይን አይገኝም። ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ ተጠማዝዞ ተለጥፎበታል፤ በሽቦው ቅጥልጥል መሐል ደግሞ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ የብር ነጠብጣቦች አሉ። ይሄን የሠራው ሰው ያለው እሳት፣ ወናፍ፣ መዶሻና ሁለት ዓይን ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በኮምፒውተር ጥበበኛ ነኝ እላለሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ሙሉ ቀን ሂሩት ሳሎን ውስጥ ላፕቶፔ ላይ ተደፋሁ። ያሰብኩት ድሪውን ሙሉ አድርጎ ማሳየት ነው። ግራውን እንደ መስታወት ገልብጬ በቀኝ በኩል አስቀመጥኩት። ከዚያ ማጽዳት ጀመርኩ። የግራ ዶቃዎቹ ላይ ትንንሽ ስርጉዶች ነበሩ፣ እዚህም እዚያም ጥንድ ጥንድ ሆነው። ብጉር ማጥፋት እንጀራዬ አይደል? ስንት ሙሽራ ጠባሳዋን አጥፍቼላት መርቃኛለች። አንዱን ስርጉድ በአንድ ንክኪ አጠፋሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሲያልቅ ብሩ ዛሬ ከእሳት የወጣ መስሎ አበራ። ጀርባውን ጥቁር አድርጌ ከበስተኋላው ደብዛዛ ብርሃን ለቀቅኩበት።

"ማሻአላህ አልል ነገር ክርስቲያን ነኝ" አለች ሂሩት፣ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ። "ነጂ፣ ከተማው ሁሉ ይሄን ሊያይ ይመጣል።"

ማክሰኞ ጠዋት ገበያ አካባቢ ካለች ማተሚያ ቤት በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለሁዳ ወሰድኩላት። ልጅቷ ሥዕሉን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እንዲህ ነበር እንዴ?"

"እንዲህ ነበር" አልኩ። ከየት አውቄ እንዳልኩት እስከዛሬ አይገባኝም።

"እማዬ ስትመለስ እንዲህ ሆኖ ብታገኘው! ዳሚ ሠፈር የሚኖር አንጥረኛ አለ፣ አዴር ጃማ የሚሉት። ይሄን የሠሩት አባቱ ናቸው። ሥዕሉን አሳይቼው ልክ እንደዚህ አድርግልኝ ልበለው?"

"በይው እንጂ! ስርጉዶቹንም ሁሉ ያቃናልሽ" አልኳት። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ።

ሁዳ ድሪውንና ሥዕሉን ይዛ ወደ ዳሚ፣ እኔ በኩራት ተነፍቼ ወደ ሌላ ቤት ጌጥ ላነሣ ሄድን።

ረቡዕ

ኤዶ ኸድራ ከበርበራ በጠዋት ገባች። ገና ጓዟን ሳታራግፍ ሁዳ እየሳቀች ሥዕሉን ከጀርባዋ አወጣችላት። ሻይ ቀርቦ ነበር፤ ቅመሙና ወተቱ ይሸታል። እኔ ምርቃቴን እጠብቃለሁ።

ኤዶ ኸድራ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። በጣቷ ወረቀቱን ዳሰሰችው።

"ያምራል" አለች። "የማን ነው?"

"የእናትሽ ነው እኮ፣ ኤዶ" አልኩ።

"አይደለም። ጥርሱስ?"

"የምን ጥርስ?"

ቁጭ አለች። "እናቴ ስታዝለን፣ ስታቅፈን በግራዋ ነበር። ሰባት ልጅ ናት የወለደችው። ጥርስ ስናወጣ ድዳችን ሲያሳክከን የምንነክሰው ይሄን ድሪ ነው። ብሩ ለስላሳ ነው፣ ይሰረጎዳል። እያንዳንዳችንን ታሳየን ነበር፤ ይሄ የአብዲ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው እያለች። ለዚህ ነው ግራውን አልሸጥም ያለችው። ልነግርሽ ስል መኪና መጣብኝ።"

ሥዕሉን ከእጇ ወስጄ አየሁት።

"ከክታቡ ቀጥሎ ያለችው ዶቃ ላይ ሁለት ትንንሽ የጥርስ ምልክት አለ" አለች፣ ድምፅዋ እየወረደ። "የሳህራ ናት። የመጨረሻዋ ልጅ። ሁለት ጥርስ ነበር ያወጣችው። ስንሸሽ በመንገድ ላይ ሞተች። ቀብረናት ሄድን። ያን ቦታ ስንመለስ ፈለግነው፣ አላገኘነውም። ፎቶ የላትም። ከሳህራ የቀረን የነከሰችው ያ ዶቃ ብቻ ነው።" ቀና ብላ ሁዳን አየቻት። "ድሪው የት ነው?"

ሁዳ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ ሆኖ ነበር። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ "ዳሚ ነው፣ ኤዶ። እንዲያቃናው ልከነዋል።"

ኤዶ ኸድራ አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፣ ተከተልናት።

ታክሲ ያዝን። መሐል መንገድ ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና ተበላሽቶ ቆሞ፣ ፍየሎቹም ሰዎቹም በጎኑ ይተላለፋሉ። ስንቆም የሰው ቤት ሲሠራ ያስደነቀኝን ያን ድንጋይ ሁሉ ረገምኩት። እያንዳንዷ ደቂቃ አንድ የሞረድ ምት መሰለችኝ። በአንድ ንክኪ ያጠፋሁት ነገር ኮምፒውተሬ ውስጥ ይመለሳል፤ ብር ላይ አይመለስም።

ዳሚ ቤቶቿ ዝቅ ያሉ፣ ቆርቆሮና ጨርቅ የተቀጣጠሉባት ሠፈር ናት። ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። የከተማዋ ሴቶች የሚኮሩበት ጌጥ የሚወጣው ከዚህ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያየሁት ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነው።

አዴር እንደ አጎት ነው፤ አዴር ጃማ ስድሳውን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ብር ከሚቀጠቅጡበት መስፍ ኋላ ተቀምጠው እሳቱን በወናፍ ያናፍሳሉ። ከጎናቸው አንድ የቆርቆሮ ሳህን አለ፣ ውስጡ ዶቃዎች። ክሩ ተፈትቷል። ሞረዱ ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል፣ ጥርሱ መሐል የብር ዱቄት ያበራል። 

"አዴር፣ ነካሃቸው?" አለች ኤዶ ኸድራ።

ሰውዬው ሁላችንንም አየት አድርገው፣ "አንዷን" አሉ። "አንዷን ጀምሬ እጄ ቆመ። ወደ ብርሃን አወጣኋት። መዶሻ እንዲህ ጥንድ አድርጎ አይመታም፣ ሲወድቅም እንዲህ አይሆንም። ይሄ ጥርስ ነው። አርባ ዓመት ብር ስሠራ የልጅ ጥርስ አላውቅም? ወላሂ፣ ልጅቷ ተሳስታለች፣ ከቤቱ ትልቅ ሰው ይምጣ ብዬ ትላንት አስቀመጥኳቸው። ስልካችሁ የለኝም።"

ኤዶ ኸድራ ሻሿን መሬት ላይ ዘርግታ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች።  መጀመሪያ የፈለገችው ከክታቡ ቀጥሎ ያለችውን ነው። አገኘቻት፣ አገላበጠቻት፣ አውራ ጣቷን ጫነችበት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሳህራ አልጠፋችም። ሁለቱም ጥርሶቿ አሉ።

የተሞረደችውን ዶቃ ደግሞ አነሣች። አንድ ጎኗ ለስልሶ ያበራል።

"የማን ናት?" አልኩ በጭንቀት።

"የእኔ" አለች ኤዶ ኸድራ። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የሳቀችው። "የእኔ ትጥፋ። እኔማ አለሁ።"

ሁዳ እናቷ እግር ሥር ተደፍታ አለቀሰች። እኔም "ኤዶ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷ የኔን አፍ ሰምታ ነው" አልኩ። ኤዶ ኸድራ እጄን ያዘችኝ። "ልጄ፣ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ስመጣ እነግርሻለሁም ብዬሽ ነበር። አልጠበቅሽኝም" አለች። ይሄን ያህል ነው የወቀሰችኝ። ለእኔ በቂ ነበር።

ዳሚ፣ አምስት ቀን

ኤዶ ኸድራ ለአዴር ጃማ፣ ግራው እንዳለ እንዲቀር፣ ቀኙ ብቻ ለሁዳ አዲስ እንዲሠራ ነገረቻቸው። እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ ያልነካሁትን የመጀመሪያውን ፎቶ አሳየኋቸው። አጎላሁት፣ የክታቡ መያዣ ጠርዝ መስኮት አከለ። አዴር ጃማ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፣ ከዚያ አፍንጫቸው ማያውን እስኪነካ ቀረቡ።

"ሱብሐነላህ! ይሄን መስመር የቀረጸው የአባቴ መሮ ነው። ጫፉ ተሰብሮ ነበር፤ የሚስለው መስመር ሁልጊዜ አንድ ወገኑ ይጎረብጣል። ይኸው ጎረበጠ!" አባታቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏል። ሰውዬው የአባታቸውን እጅ እያዩ ነበር፣ እኔም እሳቸውን እያየሁ።

ከዚያ ያሳዩኝን ነገር ለሰው ስነግር የሚያምነኝ የለም። በክታቡ ቀኝ ጎን ላይ ስስ የመፋቅ ምልክት ነበረ። ዓመታት ሙሉ ጎረቤቷ ዶቃ እየታከካት የሳለው ክብ ነው። አዴር ጃማ በጣታቸው ማያው ላይ ለኩት። "የቀኙ ዶቃ ከግራው ያንስ ነበር። የሥዕልሽ ቀኝ ውሸት ነው። አባቴ በግራ በኩል የበለጠ ውፍረት ያደርግ ነበር፤ ሕፃን የሚታቀፈው በዚያ ነዋ። እንደሚነከስ ያውቅ ነበር።" የሌለውን ዶቃ ከክታቡ ላይ አነበቡት። እኔ ገልብጬ የሞላሁትን ባዶ ቦታ እሳቸው እንደተጻፈ ወረቀት አነበቡት።

አምስት ቀን ዳሚ ተመላለስኩ። ብሩ ሲቀልጥ፣ ሲጠፈጠፍ፣ በእንጨት ጉድጓድ ውስጥ እየተመታ ግማሽ ክብ ሲሆን አነሣሁ። ለምሳ ላሆህ በሻይ እንበላለን፤ እንደ እኛ እንጀራ ዓይን አለው፣ ግን ቀጭንና ለስላሳ ነው። አንድ ቀን፣ "አዴር፣ አዲሶቹ እኮ ከአሮጌዎቹ ጋር እንዲመሳሰሉ ትንሽ አይሰረጎዱም?" አልኳቸው።

ሞቅ ያለ ሳቅ ሳቁብኝ። "የእኔን ሥራ ጨርሻለሁ። የቀረውን የሁዳ ልጆች ይሠሩታል።"

ሐሙስ፣ በሠርጉ ቀን፣ ሁዳ ድሪውን አጥልቃ ወጣች። ቀኟ አዲስ፣ ግራዋ የተነከሰ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ግጥም ሲደረድሩላት ካሜራዬን አንሥቼ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ አስቀመጥኩት። ዝም ብዬ በዓይኔ ማየት ፈለግኩ።

በማግስቱ ልሰናበት ስሄድ ኤዶ ኸድራ አንድ ነገር ለመነችኝ። "የሳህራን ፎቶ አውጪልኝ።"

ቀኑን ሙሉ ሠራሁት፣ ከመስኮቷ ሥር፣ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ። ምንም አላጠፋሁም። ከፎቶው ላይ ያቺን አንዲት ዶቃ ብቻ ወሰድኩ፣ ሁለቱ ስርጉዶች ፊት ለፊት እንዲሆኑ አዞርኳት፣ ብርሃኑ ከግራ እየመጣ ጥርሶቹ ውስጥ እንዲያርፍ አደረግኩ። የብሩ ጭረት፣ የእሳቱ ጥቁረት፣ የእናትየዋ አንገት ለዓመታት ያለሰለሰው ጠርዝ፣ ሁሉም ቀረ። ሥራውን የጨረስኩ መስሎኝ ቀና ስል ኤዶ ኸድራ፣ "ትንሽ ወደዚህ አዙሪያት፤ ፊቷን እንዳይ" አለችኝ። አዞርኳት። ገበያ ወስደን በሰፊ ወረቀት አሳተምነው፣ መስታወት ያለው ክፈፍ ገዛንለት።

ድሬዳዋ

ቤቴ የገባሁት በመጣሁበት መንገድ ነው፤ በገቢሌ ሩዝና ሙዝ፣ በውጫሌ ገመድ፣ በባቢሌ ኦቾሎኒ። እህቴ ሱቁን ከእኔ የበለጠ አጽድታ ጠበቀችኝ። ለሆቴሉ የሠራኋቸውን ሁሉ ሰርዤ አሥራ ሁለቱንም እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሁን ከመጀመሬ በፊት ለየጌጡ ባለቤት እደውላለሁ፤ ይሄ ጭረት ምንድን ነው፣ ይሄ ሽቦ ለምን ቀለሙ ተለየ እላለሁ። አንዷ "ባሌ የቀየረው ነው፣ ተጣልተን ታርቀን" አለችኝ፣ ሌላዋ ግማሽ ሰዓት አወራችኝ። ሥራዬ ዘገየ። ባለ ሆቴሉ ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ሥዕሎቹ ደርሰውት ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ ልናገር። ማሳመር እችል ነበር፣ ማየት ግን አልችልም ነበር። እጄ ከዓይኔ ይፈጥን ነበር። አዴር ጃማ ሞረዱን ይዘው የቆሙባትን ያቺን ቅጽበት ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ፤ እኔ ብሆን አልቆምም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሂሩት ደወለች። ኤዶ ኸድራ ቤት ሄዳ ነበር። ሥዕሉ ሳሎን ውስጥ፣ የልጆቿና የወንድሞቿ ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ መሐል ላይ ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው አለችኝ። አንዲት ጎረቤት ሻይዋን ይዛ ቆማ፣ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች።

ኤዶ ኸድራም፣ "ታናሽ እህቴ ናት" አለቻት።